አሮጊቷን የገደልኳት ሐሙስ

ከሌላ ሰው ከምትሰሙት እኔው ልንገራችሁ፤ ቀናተኛ ነኝ። በባሌ አይደለም። ደረጄ ሸማኔ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ሰዶ ሲሸምን የሚውል ሰው ማን ይወስድብኛል? የኔ ቅናት በአንዲት ሴት ላይ ነበር። ስሟ ምህረት ነው። ከኔ በታች ነበረች፣ አንድ ቀን ቀና ስል ከላዬ አገኘኋት።

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ በሚወስደው ዳገት ላይ ሁለት ወንበርና አንድ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ያለው ፀጉር ቤት አለኝ። ምህረት እዚያ አራት ዓመት ሠርታለች። ፀጉር ታጥባለች፣ ሹሩባ ትሠራለች፣ ወለል ትጠርጋለች። ደንበኛ ስለ ፊቷ ስታማርር እኔ አፌን ስከፍት እሷ ጆሮዋን የምትከፍት ልጅ ነበረች። ኮሌጅ ገብታ ስለ ምግብ አሠራር የተማረችው ነገር ነበር። ከዚያ ይሁን ከራሷ ጭንቅላት አላውቅም፣ የገብስ ውሃና አብሽ ከማር ጋር አብላልታ፣ አጣርታ፣ ከእሬት ጋር ደባልቃ የፊት ውሃ መሥራት ጀመረች።

«ጠላ ነው ወይስ ሎሽን?» ብዬ ሳቅኩባት።

«ሰኒዬ፣ እርጎ ሆድ የሚያስተካክለው ውስጡ ሕይወት ስላለው አይደል? ፊትም እንደዚያው ነው። ፕሮባዮቲክ ይሉታል» አለችኝ።

ስሜ ሰናይት ነው፤ ሰኒ የምትለኝ እሷ ብቻ ናት። ከዓመት በኋላ ቁስቋም አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይታ ወጣች። መርቄ ሸኘኋት። ከአፌ ነበር የመረቅኳት።

ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ ጀምሮ ማድያት አለብኝ፤ ሁለቱንም ጉንጬን ይዞታል። የሰው ፊት አሳምራለሁ ብላ ሱቅ የከፈተች ሴት የራሷን ፊት ጠዋት ጠዋት በፓውደር ስትለስን እዩልኝ። ያልሞከርኩት የለም። አንድ የቱቦ ቅባት መጀመሪያ ጥርት አደረገኝ፣ ስተወው ብሶበት መጣ። ምህረት በተለያየ ጊዜ ሦስት ጠርሙስ ከውሃዋ አምጥታ ሰጥታኛለች። ሦስቱንም አመስግኜ ከመደርደሪያው ጀርባ ከተትኳቸው። ብቀባውና ቢሻለኝስ? የፈራሁት ይህንን ነበር።

ከዚያ እትዬ አስቴር አለች። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፣ የቅዳሜ ደንበኛዬ። ፊቷ ላይ የሚወጣባትን ሽፍታ ለማስታገስ እኔ ስንት ነገር ቀባሁላት። አንድ ቅዳሜ ገብታ፣ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ፣ በኔ መስታወት ፊቷን እያገላበጠች «ሰናይት፣ እስቲ እዪው! የምህረት እጅ ይባረክ» አለች። «አሜን» አልኩ። ማበጠሪያውን ትንሽ ጠበቅ አድርጌ ሳልስበው አልቀረሁም፤ «ኧረ ቀስ!» ብላኛለች።

እንግዲህ ያቺ ሳምንት የመጣችው ይህ ሁሉ በሆዴ እያለ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ሱቄን ስከፍት ምህረት ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ዓይኗ አብጦ መጣች። ያሳደገቻት አክስቷ ደብረ ብርሃን አርፋለች። አቅፌያት አለቀስኩ፤ ያ ልቅሶ እውነተኛ ነበር። ከዚያ የክፍሏን ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠች።

«አሮጊቷን አደራ» አለችኝ።

አሮጊቷ ሰው እንዳትመስላችሁ። ትልቅ የመስታወት ማሰሮ ውስጥ ያለች፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ሳትቋረጥ የኖረች እርሾ ናት። ምህረት አዲስ ውሃ ባብላላች ቁጥር ከእሷ አንድ ሲኒ ጨልፋ ነው የምትጀምረው፤ ከዚያ መልሳ ትመግባታለች። አሮጊቷ ከሌለች የምህረት ውሃ ተራ የገብስ ውሃ ነው።

«ጠዋት ጠዋት አንድ ማንኪያ ማርና አንድ ብርጭቆ የቀዘቀዘ የገብስ ውሃ ስጫት። ክዳኗን አታጥብቂው፣ ትተንፍስ። ሌላ ምንም አታድርጊ። ዓርብ እመለሳለሁ። ቅዳሜ የስፓዋ ባለቤት ትመጣለች፤ ስትፈላ በዓይኔ ካላየሁ አልዋዋልም ብላለች።»

«የቷ ስፓ?»

«አልነገርኩሽም? ሊቀበሉኝ ነው እኮ፣ ሰኒ! ማለቴ... ዛሬ የማወራው ነገር አልነበረም። በቃ፣ ካንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

ትንሽ ብትጠራጠረኝ ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። አልተጠራጠረችኝም። ታክሲ ተሳፍራ ሄደች፤ እኔ ቁልፉን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

ወዲያው ወደ ቁስቋም ወጣሁ። ክፍሏን ስከፍት መጀመሪያ የመታኝ ሽታው ነው፤ እርጎም አይደል ጠጅም አይደል፣ በሁለቱ መሃል ያለ ደስ የሚል ኮምጣጣ። ጠርሙሶቹ ታጥበው ተደርድረዋል። አጠገባቸው «ምህረት» የሚል ስም የታተመባቸው መለያ ወረቀቶች ተከምረዋል። አሮጊቷ ጥግ ላይ፣ ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተቀምጣለች። ጨርቁን ገለጥ ሳደርገው ከታች ወደ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ ጆሮዬን ባስጠጋ ሹክ ትላለች።

እዚያ ቆሜ ምን እንዳሰብኩ ልንገራችሁ። ይቺ ልጅ ወለሌን ትጠርግ ነበር አልኩ። ስፓ አልኩ። ማሩን ከፍቼ፣ ማንኪያውን አንስቼ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። አንድ ቀን ብትራብ አትሞትም ብዬ ሳልመግባት ቆልፌ ወጣሁ።

ማታ እራት ላይ ደረጄ ጉርሻውን እያላመጠ «ምህረት እንዴት ያለች ጎበዝ ወጣት እባክሽ! ለስፓ ልታቀርብ ነው አሉ። አንቺ ጋ መጥረጊያ ይዛ እንዳልነበረች» አለኝ።

«ሽሮው ጨው በዛበት እንዴ?» አልኩት ወሬ ለማስቀየር።

«አዎ፣ ትንሽ በዝቶበታል» አለ፣ ምኑም ሳይገባው። ያን ሌሊት ጀርባዬን ሰጥቼው አደርኩ።

ሐሙስ እረፋድ ላይ እትዬ አስቴር ያለ ቀኗ ፀጉሯን ልትታጠብ መጣች። የምህረትን ሐዘን ሰምታለች፤ ከንፈሯን መጠጠች፣ ቀጠለችና «ውሃዬ ደግሞ ወደ ማለቁ ነው። እስክትመለስ አንቺ አትሠሪልኝም?» አለችኝ። ልቤ ብድግ አለ። እሺ ልላት አፌን ስከፍት፣ እሷው በእጇ አየሩን ገፋ አድርጋ «አይ፣ ተዪው። ይሄስ ሙያ ይጠይቃል» አለች።

ሙያ! ፀጉሯን አጥቤ፣ ጠቅልዬ፣ ካስኩ ስር አስቀመጥኳት። ካስኩ ሲጮህ እኔ በሐሳቤ ሁሉንም ጨርሼ ነበር፤ አሮጊቷን እካፈላለሁ። ግማሹን ወደ ቤቴ፣ ግማሹ እዚያው። የጎደለውን በገብስ ውሃ እሞላዋለሁ፣ ማን ያውቃል? ከዚያ ሙያ ይጠይቅ አይጠይቅ እንተያያለን።

አሁን ስለ እናቴ ትንሽ መናገር አለብኝ። እናቴ ከእንጦጦ ጀርባ ወተት እያመጣች በዚህ ሰፈር የምታዞር ሴት ነበረች። በሕይወት ሳለች ጠዋት ጠዋት ሱቄ ጎራ ስትል ለምህረት አንድ ብርጭቆ ሳትቀዳላት አትሄድም ነበር። የእሷ ወተት በጠረኑ ይታወቃል፤ በወይራ ጭስ ያልታጠነ እቃ ውስጥ አንዲት ጠብታ አትጨምርም። እኔም ያደግኩት የወይራ እንጨት እያጨስኩ፣ እቃ እየደፋሁበት ነው። ዛሬም ወተት የሚገባበትን እቃ ሳላጥን እጄ አይታዘዘኝም።

ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራሴን ማሰሮና በጋዜጣ የጠቀለልኩት የወይራ እንጨት ይዤ ወጣሁ። የኔ ግማሽ ከእሷ ግማሽ የተሻለ እንዲሆን ፈልጌያለሁ እኮ! አሮጊቷን ሳፋ ውስጥ ገለበጥኳት። የመስታወቱ ማሰሮ አፉ ላይ ነጭ ነገር ጋግሯል። ምን ያለ ቆሻሻ ነው ብዬ በሳሙና ፈተግኩት። ወይራውን ግቢው ጥግ ላይ አጭሼ መጀመሪያ የኔን ማሰሮ ደፋሁበት፣ ቀጥሎ እጄ በራሱ ጊዜ የእሷንም ደፋ። እንዲያውም ዕዳ የቀነሰልኝ መሰለኝ፤ አሳመርኩልሽ እንጂ ምን አደረግኩሽ እንደ ማለት።

ሁለቱ እቃ ላይ ሳካፍላት ከግማሽ በታች ሆነች። የገብሱን ውሃ ምድጃው ላይ ጥጄዋለሁ። መቀዝቀዝ እንዳለበት አውቃለሁ፤ «የቀዘቀዘ» ብላኛለች። ግን የግቢው በር ተንቋቋ። ሰው መጣ ብዬ ደነገጥኩና እንፋሎቱ ፊቴን እየመታኝ ሁለቱም ላይ ደፋሁት።

ማንም አልመጣም። ንፋስ ነበር።

ጆሮዬን ወደ ማሰሮው አስጠጋሁ። ሹክታዋ የለም። ደንግጣ ነው፣ ትመለሳለች አልኩ። ድርሻዬን በነጠላ ሸፍኜ ዳገቱን ወረድኩ፤ ልቤ ይመታል፣ ከፍርሃት ይልቅ ግን ደስታ ነበር። አዎ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ተነስቼ የራሴን አየሁ፤ ጭጭ ብላለች። ማር ጨመርኩ፣ በጨርቅ ጠቀለልኩ፣ ነቀነቅኩ። ምንም። እየሮጥኩ ወደ ቁስቋም ወጣሁ። የእሷም እንደዚያው ነው። አንዲት አረፋ እንኳ የለም። ውሃው ከላይ ጠርቶ ከታች ዘቅጧል። 

ውሸቴን እዚያው አዘጋጀሁ። «ከሄድሽ ጀምሮ ዝም ብላለች፤ በሐዘንሽ ላይ ሐዘን እንዳልጨምር ብዬ አልደወልኩልሽም።» ሁለት ሦስቴ ለብቻዬ አልኩት። ጥሩ ውሸት ነበር። ሰው ሁሉ ያምነው ነበር።

እኩለ ቀን ላይ ምህረት ደረሰች። ጥቁር ለብሳለች፣ ድምጿ ተዘግቷል። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ጥጉ ሄደች። እኔ «ምህረትዬ፣ ከሄድሽ ጀምሮ...» ብዬ ጀመርኩ። ጨርቁን ገለጠች፣ አፍንጫዋን አስጠጋች። ደግማ አሸተተች። ስትዞር ፊቷ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ግራ የተጋባ ሰው ፊት ነበር።

«ሰኒ፣ የእማማን ወተት ሸተተኝ» አለች።

ውሸቴ አበቃለት። በዚህ ሰፈር ከእናቴ ልጅ በቀር የመስታወት ማሰሮ በወይራ የሚያጥን ማን አለ?

«አጥነሻታል?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«ልካፈላት... ግማሿን ወስጄ ነበር። ለማድያቴ ብዬ። የገብስ ውሃውም ትኩስ ነበር።»

«ለማድያትሽ ሦስት ጠርሙስ ሰጥቼሽ የለ? ስንቱን ተጠቀምሽ?»

«አንድም።»

«ታዲያ ለምን?»

መልሱ አንድ ቃል ነበር። አልወጣ አለኝ። ምህረት ባዶ ሳጥን ላይ ቁጭ አለች። «አክስቴን አፈር አልብሼ መምጣቴ ነው፣ ሰኒ» አለች ቀስ ብላ። ብትጮህብኝ፣ ብትሰድበኝ ምንኛ በወደድኩ።

ያኔ ሦስቱ ጠርሙሶች ትዝ አሉኝ። ሳልናገር ወጥቼ ሮጥኩ። ከመደርደሪያው ጀርባ፣ ከካስኩ ሙቀት አጠገብ አወጣኋቸው። አንዱን ስከፍት ሻጋታ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ሽታው አቅለሸለሸኝ። ይዣቸው ተመለስኩ። ምህረት አየቻቸው፤ ሳይነኩ ለምን እንደቆዩ ገባት።

«በሕይወት ያለ ካለ ሰሞኑን የወሰደ ሰው ጋ ነው። እትዬ አስቴር ፍሪጅ ውስጥ ነው የምታስቀምጠው» አለች።

«እኔ ልሂድ።»

«አንቺማ ነሽ የምትሄጂው!» አለች። ያን ቀን ከአፏ የወጣ ጠንካራ ቃል ይህ ብቻ ነው።

የእትዬ አስቴር ግቢ ከምህረት ቤት ሁለት ቅያስ ብቻ ነው የሚርቀው። እኔ ግን ሁለት ጊዜ በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ። በሦስተኛው አንኳኳሁ። በነጠላ ጫማዋ ወጥታ ከፈተችልኝ።

«ምነው ልጄ? ምን ሆነሽ ነው?»

«አሮጊቷን ገደልኳት።»

«በስመ አብ! የማንን አሮጊት?»

«የምህረትን... እርሾዋን ማለቴ ነው። የፊት ውሃው የሚሠራባት። እኔ ነኝ ያበላሸሁባት። ከእርስዎ ጠርሙስ የቀረ ካለ ከእሱ ልታስነሳት ትችላለች።»

«እንዴት አድርገሽ አበላሸሽባት?»

ጭሱን ልናገር ነበር። የፈላውን ውሃ ልናገር ነበር። ድንገት «ቀንቼ» አልኩ።

በቃ ወጣ። በዕድሜዬ ይህን ቃል ስለ ራሴ ጮክ ብዬ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። እንደ ተነቀለ ጥርስ ቦታው ባዶ ሆኖ ተሰማኝ፤ አመመኝ፣ ግን ቀለለኝ። እትዬ አስቴር ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ገባችና አንድ ጠርሙስ ይዛ ተመለሰች፤ ከታች ሁለት ጣት የማይሞላ ውሃ ቀርቷል።

«ለኔ የቀረችኝ ይህቺው ናት» አለች።

«አውቃለሁ፣ እትዬ።»

«ላንቺ የሰጠሁሽ እንዳይመስልሽ። ለምህረት ነው።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

በሩን ልትዘጋ ስትል «ትናንት የተናገርኩሽ ነገር ከፍቶብሽ ነበር?» አለችኝ። «ከፍቶኝ ነበር» አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ዘጋችው።

ጠርሙሱን ጉያዬ ውስጥ ይዤ እንደ እንቁላል እየጠበቅኩ ወረድኩ። ምህረት አዲስ ማሰሮ በፈላ ውሃ አለቅልቃ፣ አቀዝቅዛ ጠበቀችኝ። ሁለቱን ጣት ውሃ ከማርና ከቀዘቀዘ የገብስ ውሃ ጋር አዋሃደችና ነጩን ጨርቅ አለበሰችው። «ቀናት ይፈልጋል» አለች። ቅዳሜ ግን የሚቀጥለው ቀን ነበር።

የስፓዋ ባለቤት በሰዓቷ መጣች። እኔ ግቢውን እየጠረግኩ ነበር፤ ማንም አላዘዘኝም። ማሰሮውን አየች፣ ዝም ያለ ውሃ ነው። «ምነው?» አለች። ምህረት ወደኔ ሳትመለከት «ለቅሶ ሄጄ አደጋ ደረሰባት» አለቻት። ስሜን አላነሳችም። እኔም መጥረጊያዬን ይዤ ቆሜ «እኔ ነኝ» ለማለት አንድ እርምጃ ሄድኩና ቆምኩ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ ያ የቆምኩበት ነው። ሴትዮዋ በትሕትና «ስትዘጋጂ ደውይልኝ» ብላ ሄደች። ምህረት በሁለተኛው ሳምንት ስትደውል ሴትዮዋ ከሌላ ሰው ጋር ተዋውላ ነበር።

ሰኞ እረፋድ ላይ ስልኬ ጮኸ። ምህረት ናት። «ተነፈሰች» አለችና ዘጋችው። አንዲት ደንበኛ ራሷን አረፋ አልብሼ ትቻት ሱቄ ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ።

ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ ከዚያ በኋላ ተቃቅፈን ተላቅሰን ታረቅን ብላችሁ እንዳትጠብቁ። ምህረት ለረጅም ጊዜ በሱቄ ደጅ ስታልፍ ሰላምታዋ በግንባሯ ብቻ ነበር። ያገኘሁት የሚገባኝን ነበርና አልተቀየምኳት። አንድ ቀን ራሷ ገባች፣ ወንበሬ ላይ ተቀመጠች፣ «ሹሩባ ሥሪኝ» አለች። ሠራኋት። ከዚያ ወዲህ እንነጋገራለን። ውሃዋንም እቀባለሁ፤ ማድያቴ አልጠፋም፣ ደብዘዝ ብሏል።

የተለወጠው ሌላ ነው። ቅናቴ ለቀቀኝ ብላችሁ ብዋሽ እትዬ አስቴር ትስቅብኛለች። አለ። እናንተም ጋ እንዳለ እጠረጥራለሁ፤ ለጎረቤት «እንኳን ደስ አለሽ» ስትሉ ጥርሳችሁን ነክሳችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። እኔ የገባኝ ይህ ብቻ ነው፤ ያቺን ቃል በልቤ ይዣት እየዞርኩ ሳለሁ እጄን እሷ ነበረች የምታዘው። ማር እንዳልሰጥ ያዘዘችኝ እሷ ናት፣ ትኩስ ውሃውን ያስደፋችኝም እሷ ናት። እትዬ አስቴር በር ላይ ከአፌ ስትወጣ ግን ተራ ቃል ሆነች። ስለዚህ አሁን ሲይዘኝ ሄጄ ለቀናሁበት ሰው እናገራለሁ። መጀመሪያ ሰዎች አብዳለች ብለው ነበር፤ ለመዱኝ።

ባለፈው ወር ምህረት አንድ ትልቅ ሱቅ ውሃዋን ሊያስቀምጥላት እንደተስማማ ልትነግረኝ መጣች። የሰው ፀጉር እያበጠርኩ ነበር።

«ምህረት፣ ቀናሁ» አልኳት።

«ብዙ ነው ትንሽ?»

«ብዙ።»

«በይ እንግዲያው ነገ ነይና መለያ ወረቀት መለጠፍ አግዢኝ። አንቺን እጅሽ ሥራ ሲፈታ ነው የምፈራው» አለችና ደንበኛዬ ፊት ከት ብላ ሳቀች።

ሄድኩ። ከጠዋት እስከ አሥር ሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠን ለጠፍን። ሁሉንም ቀጥ አድርጌ፣ በጨርቅ ጠርጌ፣ አሳምሬ ነው የለጠፍኩት። አንዷን ብቻ ሆን ብዬ ጠመም አደረግኳት። ይህንንም ለምህረት ነግሬያታለሁ።